የሜርዮን ጥላ እንዴት ጠቆረ?

ጥያቄ፦ ፈረንሳዊው ሠዓሊ ሻርል ሜርዮን እ.ኤ.አ. በ1853 የሠራው፣ ከኖትር ዳም ካቴድራል አናት ፓሪስን ቁልቁል የሚመለከተውን ባለ ክንፍ የድንጋይ ፍጡር የሚያሳየው የኅትመት ሥዕል ያለ ብሩሽ እንዴት ይህን ያህል ሊጠቁር ቻለ?

መልስ፦ ቀለማትን ለይቶ የማየት ችግር የነበረበት ሜርዮን በጥቁርና በነጭ መሥራቱ የሚያስገርም አይደለም። ሠዓሊው አሲድ በማያሳልፍ ሰም የተለበሰውን የመዳብ ሰሌዳ በመርፌ ሲጭር፣ የተራቆተውን መስመር አሲዱ ይበላዋል፤ ሰሌዳው በአሲዱ ውስጥ በቆየ መጠን መስመሩ እየጠለቀ፣ ብዙ ቀለም እየያዘ፣ በወረቀቱም ላይ እየጠቆረ ይሄዳል። ፈዘዝ እንዲሉ የተፈለጉት መስመሮች ቀድመው አሲዱን በሚከላከል ቫርኒሽ ይሸፈናሉ፤ የጥላው መስመሮች ግን ደግመው ይነከራሉ። ከዚያም ሰሌዳው ቀለም ተቀብቶ ይጠረግና ከረጠበ ወረቀት ጋር በማተሚያ ይጨመቃል። ሲጠረግ ሆን ተብሎ የሚተው ስስ ቀለም ሰማዩን ስለሚያደበዝዝ፣ የአንድ ሰሌዳ ሁለት ቅጂዎች እንኳ የተለያየ ድባብ ሊኖራቸው ይችላል።