ለሳይንስ ፌር ለምትዘጋጁ ልጆች፦ ዳኛው ሲጠይቃችሁ ወደ መምህራችሁ አትዩ

ሰላም ልጆች፣ እንዴት ናችሁ። እኔ ሰላሳ ዓመት ገደማ ፊዚክስ አስተምሬ አሁን ጡረታ ወጥቼ ጠዋት ጠዋት ጎመን የማጠጣ ሰውዬ ነኝ፣ በመሃል ግን ለክልል የሳይንስና ፈጠራ ውድድር አንዳንዴ ተማሪ ይዤ አንዳንዴ ደግሞ በዳኝነት ስመላለስ ነው የኖርኩት። ሰሞኑን የጎረቤቴ ልጅ "ጋሼ ከዞን አልፌያለሁ፣ ለክልል ምን ላድርግ" ብሎ መጣና ቁጭ አድርጌ የነገርኩትን ለናንተም ልፃፈው ብዬ ነው። ከረዘመ ታገሱኝ፣ አስተማሪ ወሬ ይወዳል።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር። 1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው፣ ገና ጎረምሳ መምህር ነኝ፣ ክልል ልንሄድ ሁለት ሳምንት ቀርቶናል። የተማሪዬ ፕሮጀክት በርሜል ሲሞላ የሚጮህ አላርም ነበር። ልጁ የሰራው ነገር ሽቦው የተንጠለጠለ፣ አንዴ የሚጮህ አንዴ እምቢ የሚል፣ በካርቶን የተሸፈነ ነገር ነው፣ እኔ ደግሞ ይሄን ይዤ እንዴት ክልል እገባለሁ ብዬ አፈርኩበት። ስለዚ ቤቴ ወስጄ ፈታሁትና ማታ ማታ እኔው ከእንደገና በየድኩት፣ ትራንዚስተሩን፣ ሬዚስተሩን፣ ባዘሩን በስርዓት ደርድሬ ሳጥኑንም ቀለም ቀባሁት። የሚናገረውንም በወረቀት ፅፌ ሰጠሁት፣ እሱም እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ያዘው።

ክልል ደረስን፣ ልጁ ተንበለበለ፣ ባዘሩ ጮኸ፣ ሰው አጨበጨበ። ከዛ አንድ መነፅር ያደረጉ ቀጭን ዳኛ ጎንበስ አሉና በእስክሪብቷቸው ጫፍ እየነኩ "ይቺን ሬዚስተር አውጥቼ በቦታዋ ሽቦ ብቻ ባገናኝ ምን ይሆናል?" አሉት። ልጁ ዞር ብሎ እኔን አየኝ። ዳኛውም ተከትለው አዩኝ። እኔ ደግሞ የምገባበት ጠፍቶኝ መሬት መሬት አየሁ።

መልሱ እኮ ቀላል ነበር። ውሃው ከፍ ብሎ ሁለቱን ሽቦዎች ሲያገናኛቸው ትንሽ ከረንት ወደ ትራንዚስተሩ ቤዝ፣ ማለት ወደ መቆጣጠሪያ እግሩ፣ ይገባል፣ ያቺ ትንሽ ከረንት ለትልቁ ከረንት በር ትከፍትና ባዘሩ ይጮሃል፣ ሬዚስተሯ ደግሞ ወደ ቤዙ የሚገባው በዝቶ ትራንዚስተሩን እንዳያቃጥለው ትጠብቃለች። በጣም የሚያበሳጨኝ ምን መሰላችሁ፣ ልጁ የራሱን ሲሰራ ሬዚስተር ሳያስገባ ሞክሮ ሁለት ትራንዚስተር አቃጥሎ ነበር! ማለት መልሱን በገዛ ኪሳራው ያውቀው ነበር፣ ያ ካርቶን ፊቱ ቢሆን ኖሮ "ጋሼ ይቃጠላል፣ እኔ አቃጥዬ አይቻለሁ" ይላቸው ነበር። እኔ ነኝ የነጠቅኩት። እስካሁን ያ ዞር ብሎ ያየኝ ነገር አይለቀኝም።

እንግዲህ የምለው ሁሉ ከዛች ቀን የመጣ ነው። ሲያምር የራሳችሁ ያልሆነ ፕሮጀክት ከሚሆን ቢያስጠላም የራሳችሁ ይሁን፣ መምህራችሁ ወይ ታላቅ ወንድማችሁ "አምጣ እኔ ልስራልህ" ሲላችሁ እንዴት እንደሚሰራ እንዲያሳያችሁ ለምኑት፣ እጁን ግን ከእቃችሁ ላይ አስነሱት። በትህትና ነው ታዲያ።

ርዕስ ከየት እናምጣ ለምትሉ፣ ባካችሁ ዩቲዩብ ላይ ከመቅዳታችሁ በፊት ጓሯችሁን እዩ። ኢትዮጵያዊውን ሳይንቲስት ዶ/ር አክሊሉ ለማን ታውቋቸዋላችሁ አይደል? በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ፣ እሳቸው ሲያዩ ከማጠቢያው በታች በኩል ያለው ቀንድ አውጣ ሞቷል፣ ከላይ በኩል ያለው ግን ደህና ነው። የቢልሃርዚያ ትል ደግሞ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ካልተራባ ሰው ጋ አይደርስም። ከአጣቢዎቹ አንዷን የእንዶዱን አረፋ ቀንድ አውጣ ያለበት እቃ ውስጥ እንድትጨምር ጠየቋት፣ ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። ከዛች ተነስተው ስንት ዓመት ደክመው በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶ/ር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሸለሙ። እንዶድን ሁሉም ሰው ያውቀው ነበር፣ አያቶቻችን ነጠላ ሲያጥቡበት ነው የኖሩት። ከላይና ከታች ያለውን አወዳድሮ ያየ ግን እሳቸው ናቸው። በሳይንስ ቋንቋ ከላይ በኩል ያለው ኮንትሮል ነው፣ ማለት እንዶዱ ያልነካው ማወዳደሪያ፣ ወንዙ ራሱ አዘጋጅቶ የሰጣቸው።

አሁን አንድ ነገር ልለምናችሁ፣ ራሱን በራሱ ቻርጅ የሚያደርግ ጀነሬተር ይዛችሁ አትምጡ። በየዓመቱ ይመጣል። ሞተር ዳይናሞ ያዞራል፣ ዳይናሞው ተመልሶ ሞተሩን ያንቀሳቅሳል፣ በተረፈው አምፖል ይበራል ይሉናል። ልጆች፣ አይሆንም። ሲሽከረከር በፍትጊያ ይጠፋል፣ ሽቦው ሲግል ይጠፋል፣ የሚመለሰው ሁሌም ከገባው ያንሳል፣ ባትሪ ካልተደበቀበት ትንሽ ዞሮ ይቆማል። ግን እቃውን አትጣሉት! መልቲሜትር ከላብ ተዋሱና ወደ ሞተሩ የሚገባውን ቮልትና አምፒር ለኩ፣ ከዳይናሞው አምፖሉ ጋ የሚደርሰውንም ለኩ፣ አባዙት፣ ስንት ፐርሰንት እንደጠፋ አስሉ፣ ከዛ ማሽከርከሪያውን ቅባት ቀብታችሁ ድገሙት። በቃ፣ ከውሸት ማሽን እውነተኛ ፕሮጀክት ወጣ።

በዳኝነት ዘመኔ የማልረሳት ልጅ አለች። እናቷ እንጀራ ጋግረው ይሸጣሉ፣ ቆላ ከተማ ነው፣ ደንበኛ "ሻገተብኝ" እያለ ይመልስባቸዋል። ልጅት ጥያቄዋ ይሄ ብቻ ነው፦ እንጀራ ትኩሱን ፌስታል ውስጥ ሲገባና በደንብ ቀዝቅዞ ሲገባ የቱ ቶሎ ይሻግታል? በቃ። ከአንድ ሊጥ፣ በአንድ ምጣድ፣ በአንድ ቀን የተጋገረ ስድስት እንጀራ፣ ሦስቱን ትኩሱን ሦስቱን ቀዝቅዞ በፌስታል ቋጥራ አንድ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠች። ጠዋትና ማታ እያየች ባለ 50 ገፅ ደብተር ላይ ትፅፋለች። ደብተሩ ዘይት ነክቶታል፣ አንድ ገፅ ላይ "ዛሬ ማታ አላየሁም፣ ለቅሶ ሄደን ነበር" ይላል። ትኩሳቸውን የገቡት ፌስታሉ ውስጥ ላብ አውጥተው ቶሎ ሻገቱ፣ እንደጠበቀችው። ግን ከቀዘቀዙት አንዱ ከሁሉም ቀድሞ ሻገተ! እሷ አልደበቀችም፣ በቀይ ከባበት ፅፋዋለች። "ይሄስ ምን ሆነ?" አልኳት። "እርግጠኛ አይደለሁም፣ ከፍቼ በእጄ ነክቼዋለሁ፣ ከዛ ይመስለኛል፣ ሦስት ባላደርግ ኖሮ ግን ይሄኛው ብቻ ደርሶኝ ተሳስቼ ነበር" አለችኝ። ኸረ እኔ ለአስራ ሁለተኛ ክፍል ስንት ክፍለ ጊዜ የፈጀሁበትን፣ አንድ ሙከራ ብቻ አይበቃም የሚለውን ነገር፣ በአንድ ትንፋሽ! አጠገቧ የቆመው ልጅ ስኳር የመሰለ ነጭ የአባይ ግድብ በፎም ሰርቶ ውሃ በፓምፕ እየወረደ አምፖል ይበራል፣ ሰው ሁሉ እሱ ጋ ፎቶ ይነሳል። "ምን ለካህ?" ስለው ዝም።

መለኪያ የለንም ብላችሁ ደግሞ አታልቅሱብኝ። ኮንሶና አርባ ምንጭ አካባቢ ያላችሁ የሽፈራው (ሞሪንጋ) ፍሬ ድፍርስ ውሃ ያጠራል ሲባል ሰምታችኋል፣ እውነት ነው፣ ፍሬው ውስጥ ያለው ፕሮቲን ጭቃውን እያያያዘ ወደ ታች ያዘቅጠዋል። ጥራቱን በምን ትለካላችሁ? ቂጡ ጠፍጣፋ የሆነ ግልፅ የውሃ ፕላስቲክ አናቱን ቆርጣችሁ ከስሩ በማርከር ኤክስ የተፃፈበት ወረቀት አድርጉ፣ ከላይ እያያችሁ ውሃውን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፣ ኤክሱ የጠፋበትን ከፍታ በማስመሪያ ለኩ። ውሃው በጠራ ቁጥር ሴንቲሜትሩ ይጨምራል። ሽፈራው ያልገባበትን ውሃም እኩል ሰዓት አስቀምጣችሁ ለኩ፣ ምክንያቱም ጭቃ ዝም ብሎም ይዘቅጣል። ብቻ የጠራ ውሃ ከጀርም ነፃ ነው ብላችሁ ቻርታችሁ ላይ እንዳትፅፉ፣ መፍላቱ አይቀርለትም።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበል። መብራት ይጠፋል፣ ዳኛው እናንተ ጋ ሲደርስ ነው የሚጠፋው፣ ስለዚ ባትሪ ያዙ፣ ሲሰራም በስልክ ቪዲዮ ቅረፁ። ኤክስቴንሽን ከቤት አምጡ። ብርጭቆ ነገር ካላችሁ በልብስ ጠቅልላችሁ ጭናችሁ ላይ ያዙት እንጂ አውቶብሱ አናት ላይ እንዳታስጭኑ፣ እኛ አንዴ ስንደርስ ያወረድነው ስብርባሪ ነው። ቻርታችሁን በፅሁፍ አትሙሉት፣ አንድ ግራፍ ትልቅ አድርጋችሁ ሳሉ። ንግግራችሁን ደግሞ ሳይንስ ለማያውቅ ሰው፣ ለእናታችሁ ወይ ለሱቁ ባለቤት፣ ሁለቴ ሞክሩት፣ "እና ምን ይሁን?" ብለው ሲጠይቋችሁ የምትመልሱትን ያዙ፣ ዳኛም የሚጠይቀው ያንኑ ነው። የማታውቁትን ከጠየቀ "ይሄን አልሞከርኩም" በሉ፣ ዳኛ አይናደድም፣ እኔ በበኩሌ እንደዛ ላለኝ ልጅ ነጥብ ቆርጬ አላውቅም።

ለመምህራኖቻችሁም አንድ ቃል። እኔ ከዛ የአላርም ነገር በኋላ ተማሪ ይዤ በሄድኩ ቁጥር ዳኞቹ ከመግቢያው በኩል ብቅ ሲሉ ካየሁ ተነስቼ ከአዳራሹ እወጣለሁ። ማዶ ቡና የሚያፈሉ ሴትዮ አሉ፣ እሳቸው ጋ ዱካ ላይ ቁጭ እላለሁ። ልጆቹ መጀመሪያ ላይ "ጋሼ የት ሄዱ" እያሉ ይደነግጡ ነበር። ሦስተኛው ስኒ ላይ ስደርስ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ እየሮጠ ይመጣል፣ ምን እንደጠየቁትና እሱ ምን እንዳላቸው ሊነግረኝ።