የፊት ፍሬንን አትፍሩት

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው በዋናነት ሞተር ላይ ለምትውሉት፣ በተለይ ዴሊቨሪ ለምትሠሩት ነው። መኪና መንዳት የጀመራችሁም አንብቡት። ዕድሜዬን የጨረስኩት ጋራዥ ውስጥ ነው። ለጥገና የሚመጡ ሞተሮችን ሳይ አንድ ነገር በጣም ያሳስበኛል። የኋላው ፍሬን ሸራ፣ ማለትም እየተፋተገ ጎማውን የሚይዘው ክፍል፣ አልቆ ብረት ከብረት ይፋጫል። የፊቱ ግን ገና አዲስ ነው። ባለቤቱን ስጠይቀው መልሱ ሁሌም ያው ነው፦ «የፊት ፍሬን ይገለብጣል ብለውኛል።»

ምክሩን የሚሰጧችሁ ሰዎች ክፉ አስበው አይደለም። ምክሩ ግን ሰው ያስጎዳል።

አውቶቡስ ውስጥ ቆማችሁ ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ወደ ፊት ትወረወሩ የለ? የሞተሩም የመኪናውም ክብደት እንዲሁ ወደ ፊት ይሄዳል። የፊት ጎማ አስፋልቱን ይጫናል፣ የኋላው ይቀላል። የቀለለ ጎማ አስፋልት ቆንጥጦ መያዝ አይችልም፤ ፍሬን ሲበዛበት ይቆልፍና ይንሸራተታል። ለዚህ ነው በደረቅ አስፋልት ሞተርን ከሚያቆመው ኃይል ወደ 70 በመቶ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ከፊት የሚገኘው። ፋብሪካዎቹም ይህን ስለሚያውቁ ነው ብዙ መኪና ላይ ፊት ጠንከር ያለውን ዲስክ ፍሬን፣ ኋላ ታምቡር የሚገጥሙት። የኋላውን ብቻ የሚረግጥ ልጅ የፍሬኑን ትልቁን ጉልበት ሳይጠቀምበት ነው የሚነዳው።

የሚጥላችሁ ድንገት ጭብጥ ማድረጉ ነው። ክብደቱ ወደ ፊት ሳይደርስ የፊቱን ፍሬን እጀታ በሙሉ ኃይል ከያዛችሁት የፊት ጎማ ቆልፎ ከበታቻችሁ ይሸሻል። ሞተር ላይ የፊቱ ፍሬን በቀኝ እጅ፣ የኋላው በቀኝ እግር ነው። መጀመሪያ እጀታውን በሁለት ጣት ሳብ አድርጉት፤ ሸራው ዲስኩን ነካ እስኪያደርግ ብቻ። የሞተሩ ፊት ዝቅ ሲል ይታወቃችኋል። ያኔ ክብደቱ ደርሷል። ከዚያ እየጨመራችሁ ጨብጡ። የኋላውን ለስለስ አድርጋችሁ ርገጡት፤ ሥራው ሞተሩ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ማገዝ ነው። ጎማው መንሸራተት ከጀመረ ለቀቅ አድርጋችሁ እንደገና ያዙ። ይህ ሁሉ ቅጽበት ነው። ስለዚህ ጭንቅላት ከማወቁ ይልቅ እጅ መልመዱ ይበልጣል። ሰው የሌለበት ሜዳ ፈልጉ፣ ሄልሜት አድርጉ፣ በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ጀምሩና ደጋግማችሁ ሞክሩት።

ጠጠር፣ ጭቃ፣ ዝናብ የመታው ኮብልስቶን ላይ የፊቱን በጣም ቀስ ነው። ኩርባ ላይ ደግሞ ፍጥነታችሁን የምትቀንሱት ኩርባው ውስጥ ሳትገቡ፣ ሞተሩ ገና ቀጥ እንዳለ ነው። ሰው ወይም ዕቃ ከኋላ ከጫናችሁ የኋላው ፍሬን ከወትሮው ይሻላል፤ የማቆሚያ ርቀታችሁ ግን ሊረዝም ስለሚችል ቀደም ብላችሁ ያዙ። ሳይክል የምትነዱ፣ የትኛው እጀታ የፊቱ እንደሆነ ከመነሳታችሁ በፊት ፈትሹ፤ ከሳይክል ሳይክል ይለያያል።

መኪና ላይ አንዱ ፔዳል አራቱንም ጎማ ስለሚይዝ ማከፋፈሉ የእናንተ ሥራ አይደለም። ኤቢኤስ፣ ማለትም ጎማ እንዳይቆልፍ የሚከላከል መሣሪያ፣ ካለው በጭንቅ ጊዜ ፔዳሉ እግራችሁ ሥር ሲንቀጠቀጥ አትደንግጡ፣ አትልቀቁት፤ ሥራውን እየሠራ ነው። የእጅ ፍሬን በአብዛኛው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው የሚይዘው። በፍጥነት እየሄዳችሁ ብትስቡት የመኪናው ኋላ ይዞራል።

የኔ ትልቁ ስጋት ግን ቁልቁለት ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደውን መንገድ አስቡት። ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅታ ነው። ፍሬን ፍጥነትን ወደ ሙቀት ነው የሚለውጠው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ያን ሁሉ ቁልቁለት ፔዳሉን ረግጦ የሚወርድ ሾፌር መጀመሪያ ሸራው መያዝ ያቅተዋል። ቀጥሎ የፍሬን ዘይቱ ይፈላል። ዘይቱ ውስጥ አረፋ ከገባ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን የሚፈላው ከ205 ዲግሪ በላይ ነው። ዘይቱ ግን ከአየር እርጥበት ይመጥጣል፤ ውኃ ሲጠጣ ወደ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። በየሁለት ዓመቱ አስቀይሩት። ጥቂት ብር ነው፤ ሰው ግን ሞተር ዘይት ሲቀይር እሱን አያስታውሰውም።

ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ ዜሮ አድርጎ ቁልቁለት መውረድ የሚባለውን ነገር እባካችሁ ተዉት። ኢንጀክሽን ያላቸው፣ ማለትም ነዳጁን በኤሌክትሮኒክስ እየለኩ የሚረጩ መኪኖች ማርሽ ገብቶ እግር ከነዳጅ ሲነሳ ነዳጁን ራሳቸው ይቆርጡታል፤ ስለዚህ ቁጠባው እንኳ የለም። ሞተር ማጥፋት ደግሞ የባሰ ነው። ፍሬኑን የሚያግዘው የአየር ኃይል ከጥቂት መርገጥ በኋላ ያልቅና ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። ከባድ ማርሽ፣ ማለትም ዝቅተኛውን ቁጥር፣ አስገቡ፣ ሞተሩ ራሱ ይያዝላችሁ፣ ፍሬኑን እየያዛችሁ እየለቀቃችሁ ውረዱ።

ጎሐ ጽዮን ስትደርሱ ቁሙና ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉን አጥብቃችሁ ረግጣችሁ ያዙት። ጸንቶ ከቆመ መንገዳችሁን ቀጥሉ። ቀስ እያለ ወደ ታች ከሰመጠ ግን ወደ ዓባይ አትውረዱ፤ እዚያው ሜካኒክ ጥሩ።