መልስ፦ አትላንታ ለጥቂት በረዶ ትምህርት ቤት የምትዘጋው ለምንድን ነው?

የሚዘጋው በረዶው ስለበዛ ሳይሆን መንገዱን ቶሎ የሚያጸዳ ስለሌለ ነው። ሚኒሶታ ግዛት፣ ሚኒያፖሊስ አለች ያልሽኝ እህትሽ በዚያ ሁሉ በረዶ ልጆቿን የምትልከው፣ እዚያ ጠራጊና ጨው በታኝ መኪኖች ሌሊቱን ሲሠሩ ስለሚያድሩ ነው። አትላንታ አልፎ አልፎ ለሚመጣ ነገር ያን ያህል መኪና ገዝታ አታስቀምጥም።

ዋናው ጣጣ ደግሞ እንደ አትላንታ ባለው የአሜሪካ ደቡብ በረዶው ቀን ይቀልጥና ማታ መልሶ መርጋቱ ነው። ጠዋት አስፋልቱ እርጥብ ብቻ ይመስላል፤ ፍሬን ስትይዢ ነው የሚገባሽ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 2014 አትላንታ ላይ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ በረዶ ወርዶ ሁሉም በአንዴ ወደ ቤቱ ሲወጣ መንገዱ ተዘጋ፤ ብዙ ተማሪዎች ትምህርት ቤት ውስጥ አደሩ፣ አውቶቡስ ላይ ያደሩም ነበሩ።

ሚኒሶታም ብትሆን ትዘጋለች፣ ግን ለብርድ። በዚያው ወር 6 ቀን የያኔው አገረ ገዢ ማርክ ዴይተን የግዛቷን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በሙሉ አዘግተዋል።

መዘጋቱን ለማወቅ የጎረቤት ወረዳን አትይ፤ አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዱ የትምህርት ወረዳ የሚወስነው ለብቻው ነው። የልጅሽን ወረዳ የስልክ መልእክት ማታም፣ ጠዋት ከመውጣትሽ በፊትም እዪ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ «የ2 ሰዓት መዘግየት» ሲሉ 2 ሰዓት ላይ ይከፈታል ማለት አይደለም፤ ከወትሮው 2 ሰዓት ዘግይቶ ነው። እኔ በኛ አቆጣጠር ተረድቼው ልጄን ይዤ የተቆለፈ በር ላይ ቆሜያለሁ፣ ያውም ጓንት ሳናደርግ።