ለሰርግ ሀዋሳ ለምትመጡ እንግዶች፦ የት እንሂድ፣ ምን እንብላ? ጠይቁኝ

እሺ ቤተሰብ፣ ሙሽራው ጥያቄ በመጣ ቁጥር "ሚዜዬን ጠይቁ" እያለ ስልኬን አጨናነቀው፣ ስለዚህ ሁላችሁም እዚሁ ጠይቁ እኔም እዚሁ ልመልስ። ሀዋሳ ነው ተወልጄ ያደግኩት። አብዛኞቻችሁ አርብ ትገባላችሁ፣ ሰርጉ እሁድ ነው፣ መልስ ማክሰኞ፣ ስለዚህ ቅዳሜና ሰኞ የናንተ ናቸው። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልበል፣ ሀዋሳ የጠዋትና የማታ ከተማ ናት። ቀን 6 ሰዓት ላይ ሐይቅ ዳር ወጥቶ "ይሄ ነው እንዴ?" ያለኝ እንግዳ ብዙ ነው። ቀን ተኙ።

ጥያቄ (የሙሽሪት የአጎት ልጅ፣ ከአዲስ አበባ)፦ በመኪና ነው የምንመጣው፣ መንገዱ እንዴት ነው? ምሳስ የት እንብላ?

ወደ 275 ኪሎ ሜትር ነው። በፍጥነት መንገዱ ሞጆ ድረስ፣ ከዛ በአዲሱ መንገድ ባቱ (ዝዋይ የምንላት) ድረስ ቆንጆ ነው፣ ከዛ በኋላ የድሮው መንገድ ሲጀምር ግን በጉ አህያው ጋሪው ሁሉ አለ፣ ሻሸመኔ ከተማ ውስጥ ደግሞ መጨናነቁን ቻሉት። ጠዋት 12 ሰዓት ውጡ፣ በምንም ተአምር ማታ እንዳትነዱ፣ ከመውጣታችሁ በፊትም የዛን ቀን መንገዱን ሹፌሮች ጠይቁ። ምሳ ባቱ አሳ መብላት ይቻላል ግን ሆዳችሁን ለዚህኛው ብታስቀምጡት ይሻላል (አድልዎ ነው፣ አውቃለሁ)። መንዳት የማይፈልግ በአውሮፕላንም መምጣት ይችላል፣ ሀዋሳ ኤርፖርት አለ።

ጥያቄ (የሙሽሪት አክስት)፦ ልጄ እኔ አርብ ጾመኛ ነኝ፣ ቅዳሜ ደግሞ ቤተክርስቲያን መሳም እፈልጋለሁ።

እትዬ፣ ቅዱስ ገብርኤል አለልዎት፣ ታህሳስ 19 ከየሀገሩ ሰው የሚጎርፍበት። ጠዋት ቅዳሴ አስቀድሰው ሲወጡ ሐይቁ በእግር ቅርብ ነው፣ ፍቅር ሐይቅ የምንለው ጋ ቀስ እያሉ ሄደው ቡና ይጠጡ። ለአርብ በያይነቱና ሽሮ በየቤቱ ሞልቷል፣ አቮካዶ ጁሱን "ያለ ወተት" ብለው ይዘዙ። አሳ ጾም ነው አይደለም የሚለው ክርክር ውስጥ እኔ አልገባም፣ እናቴ በጾም አሳ የሸተተ ቢላ እንኳን አታስነካም።

ጥያቄ (ከዋሽንግተን)፦ ሁሉም አሞራ ገደል አሞራ ገደል ይላል፣ ምንድነው እሱ?

የአሳ ገበያው ነው፣ ሐይቁ ዳር። አንድ ቦታ ብቻ ነው ጊዜ ያለኝ የሚል ሰው ካለ እዚህ ይሂድ። ጠዋት 1 ሰዓት አካባቢ ድረሱ፣ ጀልባዎቹ ከሐይቅ ሲገቡ ታዩዋቸዋላችሁ፣ ልጆቹ መረቡን ይፈታሉ፣ ሌሎቹ ቁጭ ብለው አሳውን እየገፈፉ ይበልታሉ፣ ቢላው ሲሄድ አይታይም። አጠገባቸው አባ ኮዳ የሚባለው መላጣው አሞራ ኮቱን እንደለበሰ ሽማግሌ ቆሞ ፍርፋሪ ይጠብቃል። ቁመቱ የልጅ ያህል ነውና ትናንሾቹ ሊፈሩ ይችላሉ። ዛፉ ላይ ጉሬዛ አለ፣ ጥቁርና ነጩ፣ እሱ ጨዋ ነው። ጦጣዎቹ ግን ሌቦች ናቸው፣ ሙዝ ይዛችሁ አትግቡ፣ ቦርሳ ዚፑን ዝጉ። ለመግቢያ ትንሽ ትከፍላላችሁ፣ አሞራውን እያበላሁ ፎቶ ላስነሳችሁ የሚል ልጅ ከመጣ ደግሞ ዋጋውን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

የሚበላውስ? ሙሉ ጥብስ ነው፣ ቆሮሶ የሚባለው አሳ ጎንና ጎኑ ተተልትሎ ዘይት ውስጥ ገብቶ ጭራው ድረስ ኩርሽም የሚል፣ ከዳጣና ሎሚ ጋር፣ በእጅ። ሾርባውንም እዘዙ፣ ሰኞ ጠዋት ከሰርጉ በኋላ ለምን እንዳልኩ ይገባችኋል። አምባዛ የሚወድ አለ እኔ አልወድም፣ ጭቃ ጭቃ ይለኛል። እዛው በዳጣ ጥሬውን የሚበሉም አሉ፣ እኔም በልጅነቴ በልቻለሁ፣ እናንተ ግን ከውጭ ለመጣችሁት አልመክርም፣ የጥሬ አሳ ትል ቀልድ አይደለም፣ ሙሽራ ትቶ ሆስፒታል መተኛት ነው። ለብለብም ስታዙ "ይብሰል" በሉ።

ያው ጠያቂ፦ ልጆቹ ሐይቁ ውስጥ መዋኘት ይችላሉ?

አይ። ብልሃርዝያ አለበት፣ ጉማሬም አለበት። የሰፈር ልጆች ሲዋኙ ብታዩም እናንተ አትግቡ። ኃይሌ ሪዞርት ገንዳ አለው (አዎ የሯጩ የኃይሌ ገብረሥላሴ ነው)፣ ልጆቹን እዛ ውሰዱ። ማታ ማታ ደግሞ ሐይቅ ዳር ትንኝ ስለማይጠፋ የትንኝ መከላከያ ቅባት ይዛችሁ ኑ፣ ወባ አለ።

ጥያቄ፦ ጀልባስ?

ጠዋት ወይ 11 ሰዓት አካባቢ ጥሩ ነው። ከሰዓት ንፋስ ሲነሳ ሐይቁ ይናወጣል፣ ባለጀልባው "ችግር የለም" ቢልም ችግር አለ። ዋጋ ሳትሳፈሩ ጨርሱ፣ ላይፍ ጃኬት ከሌለው ውረዱ፣ ጉማሬውን ከሩቅ አሳየን በሉት፣ ጠጋ በል ብላችሁ እንዳትገፋፉት።

ጥያቄ (የሙሽራው የስራ ባልደረባ)፦ የሲዳማ ባህላዊ ምግብ መቅመስ እፈልጋለሁ፣ ክትፎማ አዲስ አበባም አለ።

ተባረክ፣ ይሄን የሚጠይቅ ሰው ጠፍቶ ነበር። ቡርሳሜ በል። ከእንሰት የሚሰራው ቆጮ፣ ሲዳማዎች ዋሳ ይሉታል፣ በደንብ ተፈርፍሮ በቅቤ ታሽቶ ሻፌታ በሚባለው የሸክላ ዕቃ ይቀርባል፣ ከወተት ወይ ከእርጎ ጋር። ሲያዩት ትንሽ ይመስላል ግን ቅቤው ሰማይ ያሳይሃል፣ ሁለት ሰው አንድ ይበቃችኋል። ሰርጉ ቀን ጠዋት ብቻ እንዳትበላው፣ ቡፌው ጋ ቆመህ ነው የምታየው። የባህል ምግብ የሚሰሩ ቤቶች ከተማው ውስጥ አሉ፣ ሆቴልህ ያሉትን ልጆች "እናንተ የት ነው የምትበሉት?" በላቸው፣ "ጥሩ ሬስቶራንት የት አለ?" ካልካቸው ፒዛ ቤት ነው የሚልኩህ።

ጥያቄ፦ ፍቼ ጨምበላላን (የሲዳማ ዘመን መለወጫን) ማየት እንችላለን?

በዚህ ወቅት አይደለም፣ ቀኑን ኮከብ የሚያነቡት አያንቱዎች ናቸው የሚወስኑት፣ ጥር ላይ አትጠብቁት። በዓሉን ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል። የሚከበርበት ጉዱማሌ ግን ሐይቁ ዳር ስለሆነ ሄዳችሁ ጥላው ስር መቀመጥ ትችላላችሁ።

ጥያቄ (ጥንዶች ነን)፦ ሰኞ አንድ ቀን አለን፣ ወንዶ ገነት ወይስ ይርጋለም?

እንደ ድካማችሁ ነው። እግራችሁ በጭፈራ ካለቀ ወንዶ ገነት፣ ፍል ውሃው ገንዳ ውስጥ ግቡና ዝም በሉ፣ ቦታው የጃንሆይ ማረፊያ የነበረ ነው፣ ዛፉ ራሱ ያሳርፋል። ፎጣ ይዛችሁ ሂዱ፣ ቅዳሜና እሁድ ሰው ስለሚበዛበት ሰኞ መሆኑ እድል ነው። ይርጋለም ደግሞ ወደ ደቡብ ከአንድ ሰዓት አይርቅም፣ አረጋሽ ሎጅ አለ፣ ጎጆዎቹ በሲዳማ ቤት አሰራር በቀርከሃ የተሰሩ፣ ቡናና እንሰት መሃል፣ ማታ ጅብ ሲበላ ያሳያሉ። እኔ ብሆን ይርጋለም አድር ነበር ግን ማክሰኞ መልስ አለ፣ የሙሽሪት እናት ማን እንደቀረ ነው የምትቆጥረው።

ጥያቄ፦ ባጃጅ ስንት ነው?

በላይን (ከሌላ ሰው ጋር ተጋርታችሁ) ከሄዳችሁ ርካሽ ነው፣ ኮንትራት ስትይዙ ግን ሳትገቡ ተስማሙ። ሻንጣ ካዩባችሁ ዋጋው ይጨምራል።

ጥያቄ (የሙሽሪት ጓደኞች)፦ ፎቶ የት እንነሳ?

ሐይቁ ያለው ከከተማው በስተምዕራብ ነው፣ ስለዚህ ፀሐይ የምትገባው ውሃው ላይ ነው፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ፍቅር ሐይቅ ሁኑ፣ ከዛ በኋላ የስልክ ካሜራ ራሱ ይሰራዋል። ቅዳሜ ነው ያልኩት ግን። እሁድ ከመጣችሁ የጥር ሰርገኛ ሁሉ እዛ ነው፣ ሦስት ቬሎ ከኋላችሁ ይገባል። ታቦር ተራራም ከተማውና ሐይቁ አብሮ ይታያል፣ ጠዋት በቡድን ውጡ፣ በሂል ጫማ አይሆንም።

የሙሽሪት አክስት እንደገና፦ ቡና ልግዛ ወይ?

ይግዙ እንጂ እትዬ፣ ሲዳማ መጥተው ቡና ሳይዙ? ገበያ ነው የሚገዛው፣ ጥሬውን፣ የታጠበ ወይስ ደረቅ ብለው ይጠይቁ፣ እጅዎ ላይ አፍሰው ይዩት፣ እኩል እኩል ከሆነና ካልሸተተ ጥሩ ነው። ሽንኩርትና ቲማቲም ግን መንገድ ላይ አይግዙ፣ መኪናው ውስጥ የሙሽሪት ቀሚስ አለ።

ጥያቄ (ማንነቱን የማልናገረው)፦ ቅዳሜ ማታ የት እንዝናና?

እኔን አትጥሩኝ። ሚዜዎች እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሙሽራው ቤት ነን፣ አንተም ጭምር።