መልስ፦ ወደ ገለልተኛ ወደብ የሚሄድ መርከብ በምን ሕግ ተያዘ?

ሆላንድ ገለልተኛ ሆና ሳለ እንግሊዞች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወደ ሮተርዳም የሚሄዱ መርከቦችን በምን ሕግ ያዙ ብለህ ለጠየቅኸው፦ የሚታየው የመርከቡ ሳይሆን የጭነቱ የመጨረሻ መድረሻ ነበር። ዕቃው ከሮተርዳም በራይን ወንዝ ጀርመን የሚገባ ከሆነ፣ ገና አትላንቲክ ላይ ሳለ ይያዛል።

አሠራሩ እንዲህ ነበር፦

1. በሰሜን በኩል የሚመጣውን የንግድ መርከብ በስኮትላንድና በአይስላንድ መካከል የሚቃኝ የእንግሊዝ የጦር መርከብ ያስቆመዋል። መኮንን በጀልባ ተሻግሮ የጭነት ሰነዱን ያያል። ተቀባዩ በስም ካልተጠቀሰ ጥርጣሬው ይበረታል።
2. የተጠረጠረው መርከብ በታጣቂ ባሕረኞች ታጅቦ በሰሜን ስኮትላንድ ወዳለው የኪርክዎል ወደብ ለፍተሻ ይወሰዳል።
3. ዝርዝሩ በቴሌግራም ለንደን ይደርሳል። ወይ ይለቀቃል፣ ወይ ጭነቱ ለባሕር ምርኮ ፍርድ ቤት፣ ማለትም በባሕር የተያዘ ዕቃ ይወረስ ወይስ ይመለስ ብሎ ለሚወስነው ፍርድ ቤት፣ ይቀርባል።

ለባለመርከቡ ከጭነቱ መወረስ ይልቅ መጉላላቱ ይከብድ ነበር፤ መርከብ ቆሞ በዋለ ቁጥር ገንዘብ ይበላል። ስለዚህ ከ1916 ጀምሮ ብዙ ላኪዎች ጭነቱ ከአሜሪካ ሳይነሳ «ናቪሰርት» የተባለውን የእንግሊዝ የይለፍ ወረቀት ያወጡ ነበር።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ በጦርነት ጊዜ የባሕር ንግድ እንዴት እንደሚያዝ የሚደነግገውን የ1909ኙን የለንደን መግለጫ ብቻ ይዘህ «ሕገወጥ ነበር» ብለህ አትደምድም። እንግሊዝ አላጸደቀችውም። ጦርነቱ ሲጀመር እያሻሻለች ሠራችበት፤ በጁላይ 1916 ጭራሽ ተወችው።