እግሬን የደበቅሁ ዕለት

ልጆቼ፣

የሰፈሬ ሰው «ዶክተር» ይለኛል። ዶክተር አይደለሁም፤ ሠላሳ አራት ዓመት ነርስ ነበርኩ። መጀመሪያ ሰሞን «ኧረ ነርስ ነኝ» እያልኩ አርማቸው ነበር። በኋላ ተውኩት። ስሙ ጣፈጠኝ መሰለኝ። ስለ ትሕትና ልጽፍላችሁ ስቀመጥ ቀድሞ ትዝ ያለኝ ይሄ ነው። ከማን እንደምትሰሙ እወቁት።

በወጣትነቴ ትሕትና ማለት አንገት መድፋት ይመስለኝ ነበር። ሰው ሲገባ «ኖር» ብሎ መነሳት፣ ሲያመሰግኑን «እኔ ምን አደረግኩ» ማለት። ይሄ ጨዋነት ነው፣ ደግ ነገር ነው። ግን ወገቡ ጎንበስ ብሎ ልቡ ቀጥ ብሎ የቆመ ስንት ሰው አለ! አንዱ እኔ ነበርኩ።

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንድ ሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ከገጠር የመጡ ሽማግሌ አልጋቸው ላይ አመለጣቸው። ዲፕሎማዬ ትኩስ ነው፣ ጋወኔ ነጭ ነው። በሩ ላይ ቆሜ የጽዳት ሠራተኛዋን ጠራሁና «ይሄን አስተካክይ» አልኳት። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሴትዮዋ አልመለሰችልኝም። ሄዳ ውሃ አሙቃ በሳህን ይዛ መጣች። ከዚያ ያደረገችው እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። እጅጌዋን ሰበሰበችና ክርኗን ውሃው ውስጥ ነከረች። ትንሽ ቆየች። ቀዝቃዛ ጨመረችበት፣ እንደገና ነከረች። መዳፏን ሥራ አደንድኖታል፤ ሙቀት አይለይላትም። ክርን ግን አይዋሽም። «አባቴ፣ ይዙሩልኝ፤ ልጅዎ ነኝ» አለቻቸው። ዞሩላት።

እኔን ማንም አልተቆጣኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ገላ ማጠቡንም ፖፖ መድፋቱንም ራሴ ያዝኩት። ውሃ በክርኔ እለካለሁ፤ ተማሪዎች ሲመጡም አሳያቸዋለሁ። ታዲያ ይሄኔ ነው ሌላ ዓይነት ኩራት የያዘኝ። ረቂቅ ነው፣ ቶሎ አይታይም። አገልጋይነቴን ወደድኩት። ሰጪው ሁልጊዜ እኔ፣ ተቀባዩ ሁልጊዜ ሌላ ሰው።

አንድ ጸሎተ ሐሙስ ቤተ ክርስቲያን ቆሜያለሁ። ካህናቱ የምእመናኑን እግር በወይራና በወይን ቅጠል እያጠቡ እኔ ጋ ደረሱ። ተረከዜ ተሰነጣጥቋል፣ ጥፍሬም አላማረም። ከፊቴ ጎንበስ ያሉት ቄስ ደግሞ አባቴን የሚያህሉ ናቸው። እግሬን ጋቢዬ ሥር ደበቅሁ። «አባ፣ እኔን ይለፉኝ» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። «ጴጥሮስም እንዲሁ ብሎ ነበር» አሉና እግሬን ሳብ አደረጉት።

ቤት ገብቼ ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 13ን አወጣሁ። ሁሌም የሚሰበክልን ጌታ ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ ዝቅ ማለቱ ነው። ዋናው እሱ ነው፣ አልከራከርም። ግን ጴጥሮስንም እዩት። «የእኔን እግር ለዘላለም አታጥብም» ሲል ትሕትና ይመስላል። ጌታ ግን አላመሰገነውም። ካላጠብኩህ ከእኔ ጋር ዕድል የለህም ነው ያለው። ይሁዳም እኮ ያን ሰዓት ገና አልወጣም፤ የእሱም እግር ታጥቧል። ለማን ላገልግል፣ ለማን ይገባዋል እያላችሁ የምትመርጡ ከሆነ እዚች ጋ ቆም በሉ።

ከሙያዬ አንድ ሰው ላንሳ። ማሚቱ ጋሼ ትባላለች። በፊስቱላ፣ ምጥ ሲረዝም በሚመጣውና ሽንት መቆጣጠር በሚያሳጣው ጉዳት፣ ታማ ከገጠር አዲስ አበባ ስትመጣ ፊደል አልቆጠረችም። ሐኪሞቹ ባልና ሚስት ሬጂናልድና ካተሪን ሃምሊን አከሟት። ስትድን እዚያው ቀረች። አልጋ አነጠፈች፣ መሣሪያ አቀበለች፣ እያየች እያየች ቀዶ ጥገናውን ራሱን ተማረች። ሐኪሞችን እስከ ማሠልጠን ደረሰች። በ1989 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ የወርቅ ሜዳሊያ ሰጣት። ሰው ሁሉ የእሷን ከፍ ማለት ያወራል። ይገባታል። እኔን የሚደንቀኝ ግን ስንት ዓመት ተምሮ መጥቶ፣ ትምህርት ቤት ካልገባች ሴት ጎን ቆሞ «አሳይኝ» ያለው ሐኪም ነው። ያቺን አንዲት ቃል ለማውጣት ስንቱን መዋጥ አለበት!

ትሕትናን ግን ከመረገጥ ጋር እንዳታምታቱት። አለቃችሁ በሰው ፊት ሲያዋርዳችሁ ዝም ማለት ጽድቅ ነው የሚላችሁ ካለ፣ ጌታ በሊቀ ካህናቱ ግቢ በጥፊ ሲመታ ያለውን አንብቡለት። «ስለ ምን ትመታኛለህ?» ብሎ ጠይቋል።

ደግሞ በበዓል ሰሞን ቲሸርት አሠርታችሁ አረጋውያን ለመጠየቅ ስትሄዱ አያለሁ። ደስ ይላል፣ ሂዱ። ስልኩን ግን ኪሳችሁ ክተቱት። አንዲት እናት ሾርባው አፋቸው ውስጥ እያለ «እማማ፣ ወደ ካሜራው» ሲባሉ አይቻለሁ። ዞር አሉ። የዚያ ሌሊቱ ግድግዳ ትዝ አለኝ።

ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ነገሩ የገባኝ መስሎኝ ነበር። አልገባኝም። ካቻምና ወድቄ ዳሌዬን ተሰበርኩና አልጋ ላይ ዋልኩ። ድሮ ያስተማርኩት ልጅ ዛሬ ነርስ ሆኗል፤ ከሥራ ሲወጣ ሊያጥበኝ ይመጣል። ሦስት ቀን «ተወው፣ ነገ» እያልኩ መለስኩት። እሱ ሳህኑን ይዞ ይመጣል፣ እኔ ብርድ ልብሴን እስከ አገጬ እስባለሁ። በአራተኛው ቀን ሳህኑን መሬት አስቀምጦ ወንበር ሳበና ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ሰው ሲያጥቡ ደስ ይልዎት የለ? ለእኔ ሲሆን ለምን ይሰስታሉ?»

የምመልሰው አጣሁ። ብርድ ልብሱን ገለጥኩለት። እጅጌውን ሰበሰበና ክርኑን ውሃው ውስጥ ነከረ።