ወና፣ ባድማ ወይስ «የሙት ከተማ»?

ጥያቄ፦ በዜና «የሙት ከተማ» ሲባል እሰማለሁ። እኛ ጋ ወና፣ ባድማ ነው የሚባለው። አንድ ናቸው? አንኮበርስ የትኛው ነው? በማሳችን ጥግ ደግሞ የድንጋይ መሠረት ወጥቷል፤ የድሮ ሰፈር መሆኑን በምን ላውቅ?
(አንባቢ፣ ከባሶና ወራና)

መልስ፦ አንድ አይደሉም። ወና (ኦና የሚልም አለ) ከሁሉ በፊት የቤት ቃል ነው፤ ግድግዳው ቆሟል፣ ጭስ የሚያወጣለት ግን የለም። ባድማ የቦታ ነው፤ ሰውም ቤቱም ሄዶ መሬቱ ሲቀር። ይሁንና «የአባቴ ባድማ» የሚል ሰው ርስቱን ማለቱ ነውና፣ ሽማግሌ «ያ ባድማ ነው» ካሉዎ «የማን?» ብለው ይጠይቁ። «የሙት ከተማ» ከውጭ ቋንቋ የተቀዳ የዜና ቃል ነው። ለአፋሩ ዳሎል ይስማማዋል፦ የፖታሽ ሥራው ቆሞ ሠራተኛው ሲሄድ፣ በጨው ድንጋይ የተሠሩት ቤቶች ፍርስራሻቸው ቀርቷል።

አንኮበር ከሦስቱም አይደለም፤ ዛሬም ሰው ይኖርበታል። ነገሩ «ከተማ» ከሚለው ቃል ይጀምራል። ከተመ ማለት ሰፈረ ነው፤ ከተማ የንጉሡ ሰፈር ነበር። ማገዶውና ግጦሹ ሲያልቅ ወይም ዘመቻ ሲመጣ ሰፈሩ ይነሣል። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ደብረ ብርሃን ላይ ከትመው እዚያው በ1468 እ.ኤ.አ. ዐረፉ፤ ልጃቸው ዐፄ በእደ ማርያም ግን አልቆዩባትም። ምኒልክም ከአንኮበር ወደ ልቼ፣ ከዚያ ወደ እንጦጦ፣ በመጨረሻም ወደ አዲስ አበባ ወረዱ። የሄደው መናገሻነቱ ነው፤ ገበሬው፣ ቤተ ክርስቲያኑና ገበያው ቀሩ። እውነተኛ ባድማ ማየት ከፈለጉ ወደ ይፋት ቆላ ይውረዱ፤ ኖራ የመካከለኛው ዘመን የሙስሊሞች ከተማ ነበረች፣ የመስጊዷ የድንጋይ ግድግዳ አሁንም ይታያል።

ወደ ማሳዎ እንምጣ። የጭቃ ቤት ክዳኑ ካፈሰሰ ምርጉ በጥቂት ክረምት ይረግፋል፤ እንጨቱ ይበሰብሳል ወይም ለማገዶ ይሄዳል፣ ድንጋዩንም ጎረቤት ለካብና ለእርከን ይወስደዋል። ስለዚህ ግድግዳ አይፈልጉ፤ አፈሩን ይዩ። ሰው ለረጅም ጊዜ የኖረበት አፈር ዐመድና ፍግ ጠጥቶ ይጠቁራል፣ ሳማ ይወድደዋል፣ ገብሱም ከአካባቢው ይልቅ ይፋፋል። ገል፣ የተሰበረ መጅ፣ የከሰለ አጥንት አብረው ከወጡ ሰፈር ነበር ማለት ይቻላል። መሠረቱ ብቻውን አያስረዳም፤ የከብት በረት ወይም የፈረሰ እርከን ብዙ ሰው ያሳስታል። በረት ፍግ እንጂ ገልና መጅ አይበዛውም፤ እርከን ደግሞ ተዳፋቱን አግድም አቋርጦ ይሄዳል እንጂ ማዕዘን አይሠራም።

አይቆፍሩት። ገሉ ከየትኛው የአፈር ንጣፍ እንደወጣ ካልታወቀ ዘመኑን መናገር አይቻልም፤ ታጥቦ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ገል ጌጥ ብቻ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992ም ያለ ፈቃድ የቅርስ ቁፋሮ ክልክል ነው፤ በድንገት ያገኘ ሰውም ማሳወቅ አለበት። ማረሻው የነካውን ባለበት ይተዉት፣ ከጎኑ እንደ ክብሪት ያለ መጠኑ የሚታወቅ ዕቃ አስቀምጠው ፎቶ ያንሡትና ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያመልክቱ። እስከዚያው ያንን ጥግ በጥልቅ አያርሱት።